በሆዱ የተገኘ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ ማንም እንዳያነሳብኝ ነው፤ ጓድ ደምሰው በሰው ፊት በዚህ ሊያሳፍረኝ ሞክሯልና። እሱም አላየም። ከመሥሪያ ቤታችን ባሕር የሚያውቀው የበረዶ መኪናው ሾፌር ሙሄ ብቻ ነበር፤ ሙሄን ደግሞ ማንም ለስብሰባ አይጠራውም።

ዘመኑ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ንፋስ ስልክ፣ ከጎፋ ሰፈር ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ የዓሣ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። በየጠዋቱ ከፉሪ ተነስቼ በእግሬ እመጣለሁ። አባቴ ቀጄላ እዚያ ገበሬ ነው፤ እኔም ዓሣ ቤት እስክቀጠር ድረስ ላም ሳልብና ጤፍ ሳርም ነው ያደግሁት። ሥራውን ሳገኝ የሰፈራችን ሴቶች ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። እውነታቸውን ነበር።

ሙሄ በሳምንት አንድ ቀን ከአሰብ በበረዶ የታጨቀ ዓሣ ያመጣል። እኛ ስድስት ሴቶች በሲሚንቶ ጠረጴዛ ላይ እንሰነጥቃለን፣ እናጥባለን፣ እንቆርጣለን። ከሌላው ዓሣ ጋር ሻርክ ይመጣል። ክንፉ እዚያው አሰብ ተቆርጦ ለውጭ ገበያ ይቀራል፤ ሆዱ ግን ሳይከፈት ይላካል፣ ጉበቱ ለዘይት እዚህ ይፈለጋልና። ሥጋው የዶሮ መኖ ይሆናል። ሌላም ጠፍጣፋ ፍጥረት አብሮ ይመጣ ነበር፤ ሰፊ ነው፣ ጅራቱ እንደ አለንጋ ይቀጥናል። ስሙን የሚነግረን ስላላገኘን ሰፌድ አልነው፣ በመዝገቡም ላይ ሰፌድ ተብሎ ተጻፈ።

ከጠረጴዛችን ፊት ለፊት ባለ መስታወት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ አንድ ወንበር፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና የካርድ ሣጥን አለ። መዝጋቢው ተቀምጦ በመስኮቷ ይጠይቃል፣ እኛ ከጠረጴዛው እንመልሳለን። ዓይነት? ክብደት? ጉበት? በመጨረሻም፣ በሆዱ የተገኘ? ይህችን አራተኛ ጥያቄ ከስምንት ወር በፊት ያስጨመረው የፕላን ኃላፊያችንና ካድሬያችን ጓድ ደምሰው ነው። የድሮው መዝጋቢ ወደ ክፍለ ሀገር ከተዛወረ ወዲህ ካርዱን የሚሞላው ራሱ ነበር። ወንበሩ ለእኔ እንደታሰበ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ፎቶዬ በር ላይ ተለጥፏል፣ በመሠረተ ትምህርትም ማንበብና መጻፍ ተምሬያለሁ።

ያንን ወንበር እንዴት እንደተመኘሁት አልደብቅም። አራት ዓመት በበረዶ ውስጥ የዋለ እጅ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። የነጠላዬን ጫፍ መቋጠር አቅቶኝ እናቴ የቋጠረችልኝ ቀን አለ። ምድጃዋን በመስታወቱ ባየኋት ቁጥር የሰው ንብረት እንደሚመኝ ሌባ ልቤ ይሰረቅ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቴ ይኸው። ሻርክ ስሰነጥቅ ከሆዱ ብዙ ጊዜ ትናንሽ ሻርኮች ይወጣሉ። አራት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ ሁለት። ከሰፌዱም ሆድ አልፎ አልፎ ትናንሽ ሰፌዶች ይወጡ ነበር። ጓድ ደምሰው በመስኮቷ ሲጠይቀኝ ትናንሽ ዓሦች፣ አራት እላለሁ። ይጽፋል። ሌሎቹም ሴቶች እንደዚያው ይሉ ነበር። ዓሣ ዓሣን እንደሚውጥ ሰምተናል፤ ሻርክ ደግሞ ሆዳም ነው ተብሏል። ዓሣ እንቁላል ይጥላል እንጂ ያረግዛል ብሎ ማን ያስባል? ደገኞች ነን። ስምንት ወር ሙሉ ሕፃናቱን ከእናታቸው ማኅፀን እያወጣሁ የበላቻቸው ናቸው ብዬ መሰከርኩባት።

ምስክርነቴ ምን ላይ እንደዋለ የገባኝ በሚያዝያ ነው። ጓድ ደምሰው ጠርቶኝ በታይፕ የተመታ ወረቀት ሰጠኝ። ቅዳሜ ከበላይ አካል እንግዳ ይመጣል፣ በስብሰባው ላይ ቆሜ ይህን አነባለሁ፣ ሰኞ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ወረቀቱ ሻርክና ሰፌድ የሰፊውን ሕዝብ ምግብ የሚዘርፉ ፀረ ሕዝብ ፍጥረታት መሆናቸውን ከሰማንያ ካርዶች ላይ ያረጋግጣል። ስለዚህ ዘመቻ ይከፈትባቸዋል። በአሰብ ዙሪያ ኮራል በሚበዛበት፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ወፍራም መረብ ተዘርግቶ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ይጠረጋሉ፣ ሌላው ዓሣ ያኔ ይበዛል ይላል።

ጓድ ደምሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንልኝ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። በሥልሳ ስድስቱ ረሃብ ወሎ ላይ ሁለት ወንድሞቹን ቀብሯል። ዓሣ ለድሃ እናበላለን ሲል ከልቡ ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ አመሰገንኩት። ማታ ቤቴ ስገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስሜ በታይፕ ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሙሄ ረቡዕ ዕለት ጭኖ ገባ። በረዶውን ስንገፋ ኮራል ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም አለኝ፤ ከባሕሩ ሥር የሚያድግ ነገር ነው፣ ዋሻና ቅርንጫፍ አለው፣ ዓሣው ሁሉ እዚያ ይጠለላል። አጎቱ አሰብ ዓሣ አጥማጅ ነው። በልጅነቱ ሻርኮቹ ጀልባ ሥር ይመላለሱ እንደነበር፣ አሁን ግን አጎቱ አንድ ትልቅ ለማግኘት ሦስት ቀን እንደሚቀዝፍ ነገረኝ። ትንንሾቹ የሚያድጉበት የኮራል ጓዳ አለ፣ አሮጌዎቹ አጥማጆች በየዓመቱ የተወሰኑ ወራት መረብ አይጥሉበትም ነበር አለ። ዘመቻው መረብ የሚዘረጋው የት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አንብቤ ነበር። ነገሩ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሻርክ ወደ ጠረጴዛው ጎተትኩ። ሆዷን ሰነጠቅሁ፣ ትንንሾቹ ታዩኝ፣ አንዱን በጅራቱ ይዤ ወደ ባልዲው ልወረውር ስል አልመጣም። ሳብኩት። ከሆዱ የወጣ ቀጭን ገመድ ተወጠረ። ገመዱን በጣቴ ተከተልኩት፤ ከእናቱ ሆድ ዕቃ ጋር ሳይሆን ከሌላ ከረጢት ግድግዳ ጋር ተያይዟል። ጨጓራዋን ለብቻው ከፈትኩት። ውስጡ የተፈጨ የዓሣ አጥንት ብቻ ነበር። ትንንሾቹ ግን አልተነከሱም፣ አልተፈጩም፣ አራቱም አንድ ልክ ናቸው፣ እያንዳንዱም በየገመዱ ታስሯል።

ቢላዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ቀን አሥራ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ፉሪ ላይ አንዲት ላማችን ገደል ገብታ እግሯ ተሰበረ። አባቴ ምርጫ አልነበረውም፣ አረዳት። ስትከፈት ከሆዷ ጥጃ ወጣ፣ እትብቱ እንደዚሁ ተወጥሮ። አባቴ ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፍሎ እሱ ሳይቀምስ ቀረ። እኛ ቤት እርጉዝ ላም አትታረድም፣ አትሸጥምም። የያዝኩት እትብት ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ ስንቱን እንደቆረጥኩ ለመቁጠር አልደፈርኩም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያም ተናደድኩ።

ከአጠገቤ ለምትሠራው ለእትዬ ተሾመች አሳየኋት። አምስት የወለደች፣ ጎፋ የምትኖር፣ በስብሰባ አንድም ቀን አፏን ከፍታ የማታውቅ ሴት ናት። አየች፣ አማተበች፣ መልሳ በበረዶ ሸፈነችው።

«እስከ ሰኞ ዝም በዪ» አለችኝ። «ወንበሩ ላይ ከተቀመጥሽ በኋላ የፈለግሽውን ትጽፊያለሽ።»

ምክሯ ብልህ ነበር። እስከ ሰኞ ብጠብቅ ግን ወረቀቱ ከነስሜ ከበላይ አካል ዘንድ ይደርሳል፣ መረቡም ይታዘዛል። ከረጢቱን ከነልጆቹ በሳፋ አድርጌ ጓድ ደምሰው ጋ ገባሁ። ምድጃው እየነደደ ነበር፤ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ወደ እሱ ተጠጋሁ፣ ይህን መካድ አልችልም። የማነበው እንደሌለ ነገርኩት፣ ምክንያቱንም አሳየሁት።

ሳፋውን አተኩሮ አየው። የገባው መሰለኝ። ከዚያ ግን ሪፖርቱ በታይፕ ተመትቷል አለ፣ እንግዳው ተጠርቷል አለ፣ አንዲት ሴት ሐሙስ ጠዋት ባየችው ነገር የስምንት ወር ሥራ አይፈርስም አለ። እየተናገረ ሲሄድ ድምፁም ጨመረ። በመጨረሻ፣ አላነብም ካልኩ ቅዳሜ በዚያው ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አቅርቤ ሥነ ሥርዓት በመጣሴ ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዘኝ። ወንበሩንም እርሺው አለኝ።

ግለ ሂስ ማለት በዚያን ጊዜ ለማናችንም አዲስ አልነበረም። ጥፋተኛው ቆሞ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል። ደንብ አለው፤ አንብቦ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም፣ የጻፈውም ቃል በቃል ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ወደ በላይ ይሄዳል። ይህን ደንብ በየቅዳሜው የሚያስተምረን ጓድ ደምሰው ራሱ ነበር። አቤት፣ መንገዱን በገዛ እጁ ጠረገልኝ።

ዓርብ ከሥራ መልስ አባቴ በረት እየጠረገ ሳለ ነገሩን በኦሮምኛ ነገርኩት። ሻርክ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ተቸገርኩ፤ እግር የላትም ስለው አላመነኝም። ስትወልድ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። አራት፣ ሦስት አልኩት። ሌላው ዓሣስ? ለመቁጠር የሚያስቸግር እንቁላል አልኩት። መጥረጊያውን አቆመ።

«እንግዲያ እሷ ላም ናት» አለ። «ላም ያላት ሰው ደግሞ ጊደሮቹን ካረደ ምን ያልባል?»

ሥራዬን እንደማጣ ነገርኩት። በረቱን መጥረግ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ እጄን ያዘና ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈ አሸልኝ፤ ያኔ ፈቃዱ እንደሆነ ገባኝ። ደብተሬን አውጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጽፌ ጨረስኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እንግዳው ከጓድ ደምሰው ጎን ተቀምጧል፤ መነጽር ያደረገ፣ ብዙም የማይናገር ሰው ነው። እኔ ሳፋዬን በነጠላ ሸፍኜ ከአግዳሚው ሥር አስቀምጫለሁ። ሐሙስና ዓርብ በበረዶ አስተኝቼው ነበር። ጓድ ደምሰው አንዲት ጓዲት የሠራተኛ ሥነ ሥርዓት በመጣስ ግለ ሂስ ታቀርባለች አለ። ተነሳሁ። ደብተሬን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

«እኔ ሸጊቱ ቀጄላ ስምንት ወር ሙሉ መሥሪያ ቤቴንና ሕዝቡን አሳስቻለሁ። በሻርክ ሆድ ያገኘኋቸውን ትናንሽ ዓሦች ናቸው ብዬ አስመዝግቤያለሁ። የበላቻቸው አልነበሩም። ልጆቿ ነበሩ። በእትብት ታስረው ነበር፣ እኔ እየቆረጥኩ ጥያቸዋለሁ። ከብት አርቢ ቤት አድጌ እትብት አለማወቄ ጥፋት ነው።

«ሥራ ስጀምር አንድ ሻርክ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ብቻዬን አነሳዋለሁ፤ ጉልበት ጨምሬ አይደለም። ትልልቆቹ አልቀው ገና ያልወለዱ ጊደሮች ስለሚመጡልን ነው። በኩንታል ስለምንመዝን ፕላኑ ይሞላል፤ ቁጥሩ ግን በእጥፍ ጨምሯል። ይህን በእጄ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ሰፌዱም እንደዚሁ ልጅ ይዞ ተገኝቷል፣ እሱንም አሳስቻለሁ። አሁን መረብ ይዘረጋበታል የተባለው ኮራል ልጆቿ የሚያድጉበት ጓዳ ነው። እዚያ ከተጠረጉ የሚተካ ዘር አይኖርም። ሕዝቡም የሚበላው አይጨምርለትም።

«ስለ ሐሰተኛ ምስክርነቴ ራሴን እነቅፋለሁ። ከእንግዲህ በሆዷ ልጅ ያገኘሁባትን ሻርክ በላች ብዬ አልመሰክርባትም።»

ጓድ ደምሰው ሁለት ጊዜ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እንግዳው በእጁ ምልክት አስቀመጠው፤ ደንብ ነዋ። ስጨርስ ግን የሚከለክለው አልነበረም።

«ለመሆኑ አንቺ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «እርጉዝ ላም ግን አውቃለሁ።»

ሳፋውን አውጥቼ ከእንግዳው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ነጠላውን ገለጥኩ። ሰው ሁሉ ተነስቶ መጣ። ዘበኛችን ሮበሌ የላፍቶ ገበሬ ነበር፣ መሬቱ ለግንባታ ሲወሰድ ነው ዘብ የሆነው። ጎንበስ ብሎ እትብቱን በጣቱ ነካ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ።  እንግዳው መነጽሩን ጠርጎ ረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያም ያነበብኩት ቃል በቃል ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ ብሎ ወጣ። ተስማማ አይባል፣ ተቃወመ አይባል።

በሁለተኛው ሳምንት ፎቶዬ ከበሩ ተነሳ። ወንበሩ ለእትዬ ተሾመች ተሰጠ፤ ጓድ ደምሰው የመረጣት ዝምተኛ ስለሆነች ነው። እኔ ጠረጴዛው ላይ ቀረሁ፣ እጄም በረዶው ውስጥ። ዘመቻው ቀረ የሚል ወረቀት አልመጣም፣ ተጀመረ የሚልም አልመጣም። ሙሄ ግን መረቡ አሰብ መጋዘን ውስጥ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል ብሎኛል። ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ አላውቅም። ወንበሩ አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ ጠዋት ጣቶቼ ሲደርቁ ይቆጨኛል። ያነበብኩት ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም።

እትዬ ተሾመች ወንበሩ ላይ በተቀመጠች የመጀመሪያው ቀን ጓድ ደምሰው ከኋላዋ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያዋን ሻርክ ሰነጠቅሁ። እሷ በመስኮቷ ዓይነት አለች፣ ክብደት አለች፣ ጉበት አለች፣ እኔም መለስኩ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ አራተኛዋን ጠየቀች።

«በሆዱ የተገኘ?»

«ልጆች። ሦስት።»

ጓድ ደምሰው ትናንሽ ዓሦች ብለሽ ጻፊ አላት። እትዬ ተሾመች ዞር ብላ አየችው። ወዲያው አልጻፈችም፤ እጁን ዘርግቶ እንደሚሞቅ ሰው እስክሪብቶዋን በምድጃው ላይ ይዛ ቆየች። የዚያ ወንበር ሙቀት ምን ያህል እንደሚጥም አውቅ ነበርና፣ ዓሦች ብላ ብትጽፍ አልቀየማትም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ካርዱን አንስታ፣ ጽሑፉ ወደ እኛ ዞሮ እንዲታይ፣ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው።

ስድስታችንም የተማርነው ከአንድ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው፤ ያለ ድምፅ ማንበብ አልለመድንም። ሴቶቹ ቢላቸውን ይዘው ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉና ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ በአንድ አፍ አነበቡት። ልጆች፣ ሦስት፣ ከነእትብታቸው። ጓድ ደምሰው በሩን ከፍቶ ወጣ።

እኔም የሚቀጥለውን ሻርክ ጎተትኩ።